የመዝገቡ ልብስ

ሌላው ሰው የቡላ ሽታ ሲያውደው በቅቤ የራሰ ገንፎ ትዝ ይለዋል። እኔ ግን በር በር አያለሁ። ባለቤቴ ይህን ስለምታውቅ ቡላ ልታበስል ስትል አስቀድማ «ውጣና ትንሽ ተናፈስ» ትለኛለች፤ ልጆቼ ደግሞ ይስቁብኛል። እነሱ እየሳቁ፣ እኔም እየተናፈስኩ ዕድሜው ሄደ። ዛሬ ምክንያቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እነሱም ካነበቡት ያንብቡት።

ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ፊደል ለቃሚ ማለት የእርሳስ ፊደሎችን ከሳጥን አንድ በአንድ እያነሳ የሚደረድር፣ ከፊደሉ ቃል፣ ከቃሉም መስመር የሚሠራ ሰው ነው። የዚያ ቤት አየር ሳል ሲያስይዘኝ እናቴ «ፈለቀ ልጄን ከነነፍሱ መልሱልኝ» ብላ ላከችብኝና ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ። የተማርኩት ሙያ ቡታጅራ ላይ ምን ይሠራልኛል ብዬ ስተክዝ ጋሽ ሙዘይን አገኘኝ።

ጋሽ ሙዘይን ደብተርና ወረቀት ነጋዴ ነበር። ሱቁን ከሚዘጋ አንድ አርመን ላይ በእግር የምትረገጥ አሮጌ የማተሚያ መኪና ገዝቶ፣ በጭነት መኪና አስጭኖ ገበያው አጠገብ ካለችው ቤቱ ተክሏታል። የሠርግ ጥሪ፣ የዕድር ደንብና የደረሰኝ ጥራዝ ያትማል። ሰውየው ቁርኣን አሳምሮ ያነባል፤ የአማርኛ ፊደል ግን ከሀ እስከ ፐ አንዱንም አይለይም። ይህን ሲነግረኝ አላፈረም። «አንተ ቃሉን እይ፣ እኔ ጥቁሩን አያለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቀለም የሳሳበትን ወረቀት ከሩቅ ይለያል። መኪናዋ በግራ ጎኗ ታሳሳለች፤ እኔ የማላየውን እሱ በጨረፍታ አይቶ «ግራዋ ዛሬም ጾማለች» ይላል።

ጥረዛው የእሱ ሙያ ነበር። ክሩ የእንሰት ቃጫ ነው። ሙጫው ቡላ ነው፤ ቀጥኖ ይበስልና አይጥ እንዳይበላው የእሬት ውኃ ይጨመርበታል። ለሽፋን የሚሆን ወፍራም ካርቶን እኛ ዘንድ አይገኝም። ስለዚህ በሕትመት የተበላሸውን ወረቀት አስራ አምስትም ሃያም እያነባበረ በቡላ ይለጥፈውና ድንጋይ ጭኖ ያደርቀዋል፤ ከደረቀ በኋላ በቢላ አይበገርም። በላዩ ጨርቅ ወይም ቆዳ ያለብሰዋል። ሽፋኑን «ልብስ» ነበር የሚለው።

በዚያ ቤት ወረቀት አይጣልም፣ አይረገጥም፣ አይቃጠልም። ስስት እንዳይመስላችሁ። ጽሕፈት ባለበት ወረቀት ላይ የፈጣሪ ስም ሊኖር ይችላል ብሎ ነው። ፊደሉን ስለማይለይ የትኛው ላይ እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ያከብራል። «በመጽሐፍ ልብስ ውስጥ ከተከፈነ ማንም አይረግጠውም» ይል ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ። መምህር አሰፋ የሚባል ከሰሜን የመጣ የትምህርት ቤት አስተማሪ ወዳጄ ነበር። አንድ ቀን በእጁ የተጻፈ አንድ ገጽ አሳየኝ። ስለ መሬትና ስለ ጭሰኛ ነው። አጀማመሩ እስካሁን ከአፌ አልጠፋም፦ «እግዚአብሔር መሬትን ሲፈጥር አጥር አልሠራለትም።» ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሰው የሚያሳስር ነው። መቶ ቅጂ እንዳትምለትና ወልቂጤ ወስዶ እንደሚበትነው ነገረኝ። ቡታጅራን ማን ይጠረጥራል ብለን ተማመንን። አጎቴ የእርሻውን እኩሌታ ለባለ መሬት ሲሰፍር አይቼ ያደግሁ ሰው ነኝና እሺ አልኩ። ለጋሽ ሙዘይን ግን አልነገርኩትም።

አርብ ቀን እሱ ለጁምዓ ሲሄድ በሩን ዘጋሁና በሁለት ሰዓት ውስጥ አተምኩት። አሰፋ መቶውን በደብተር መሐል ከቶ ወሰደ። ሃያ የሚሆን የተበላሸ ቀረ። ማቃጠል ፈለግኩ፤ በዚያ ቤት የወረቀት ጭስ ከሸተተ ግን ጋሽ ሙዘይን ምን ተቃጠለ ማለቱ አይቀርም። ነገ ቤቴ ወስጄ አጠፋዋለሁ ብዬ ከፊደል ሳጥኑ ሥር ካለው ቁራጭ ወረቀት መሐል ሸጎጥኩት። ቅዳሜ ማለዳ ያ እኩሌታ የሚሰፍረው አጎቴ መሞቱ ተነገረኝና እንደቆምኩ ወደ ገጠር ወጣሁ። በለቅሶው መሐልም ወረቀቱ ትዝ እያለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት ከሳጥኑ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ጋሽ ሙዘይን ነፍስ ይማር ካለኝ በኋላ፣ እንደ ዋዛ አድርጌ እዚህ የነበረው ወረቀት የት ሄደ አልኩት።

«እሱማ የመዝገብ ልብስ ሆነ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በድንገት ትእዛዝ መጥቷል። ሐሙስ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው አዲሱን ሕንጻ ሊመርቁ ስለሚመጡ የክብር እንግዶች የሚፈርሙበት ትልቅ መዝገብ ተፈለገ። ጋሽ ሙዘይን እሑድ ጠርዞ ሰኞ አስረከበ። የበልግ ዝናብ ስለነበር ልብሱ በደንብ አልደረቀም፤ እሬቱም አልቆበት ያለ እሬት ነው የለጠፈው። ይህን ሲነግረኝ ያዘነው ለሥራው ነበር። እኔ ግን የማስበው ልብሱ ውስጥ ስላለው ነበር።

ቀጥሎም ትናንት ከወልቂጤ አንድ ፖሊስ መጥቶ እንደነበር ነገረኝ። ወልቂጤ ገበያ ላይ ወረቀት ተበትኗል፤ ፖሊሱ ማተሚያና ማባዣ ያለበትን ቤት ሁሉ እየዞረ ይጠይቃል። አንዱን ወረቀት አሳይቶት ነበር። ምን አልከው ስለው፣ ምንም እንዳላለው ነገረኝና ዞር ብሎ ወረቀት መቁረጡን ቀጠለ።

ፊደል አይመሰክርም፤ ያኔ የሁሉም ማተሚያ ቤት ፊደል ይመሳሰል ነበር። የሚመሰክረው ያ የተበላሸው ወረቀት ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ልብሱ ከተላቀቀ የሚታሰረው ጋሽ ሙዘይን ነው። መኪናዋ የእሱ፣ ጥረዛው የእሱ፣ መዝገቡንም በእጁ ያስረከበው እሱ። ስድስት ልጆች አሉት። ስለ ነገሩ የሚያውቀው አንዳች የለም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ዋናው ጸሐፊ አቶ ንጋቱ ይባላሉ፤ ከመንዝ የመጡ፣ ቤተ ክህነት የተማሩ፣ ቀጭንና ጥንቁቅ ሰው ናቸው። መዝገቡን ወስጄ ጀርባው ላይ ጽሕፈት ላትምበት በሚል ሰበብ ለመንኳቸው። መልስ ሳይሰጡ እጄን ይዘው ወደ ጠረጴዛው ወሰዱኝና የላይኛውን ልብስ ጥግ አሳዩኝ። አይጥ በልቶታል። ጨርቁ ተቦጭቋል፣ እርጥቡ ወረቀት እንደ ከንፈር ተከፍቷል፣ በተከፈተው መሐልም የጥቁር ፊደል ራስ ብቅ ብሏል።

«ነገ እንግዳው ይህን ነው የሚነኩት?» አሉኝ።

ወስጄ ላስጠግነው አልኩ። «ከቢሮዬ አይወጣም፤ ጌታህ ራሱ ነገ በሁለት ሰዓት ይምጣና እዚሁ ዓይኔ እያየ ያበጀው» አሉ። አቶ ንጋቱ ቆመው እያዩ! ከዚያ ቢሮ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ፍርሃቴ አንድ መንገድ ብቻ አሳየኝ፦ አሁኑኑ ተነስቼ ወደ አዲስ አበባ መጥፋት። መኪና መሳፈሪያው ድረስም ሄጃለሁ፤ ይህን አልደብቃችሁም። አንድ እግሬን አውቶቡሱ ላይ አድርጌ ሳለሁ የጋሽ ሙዘይን ትንሿ ልጅ «ጋሽ ፈለቀ ጋሽ ፈለቀ» ብላ ከሩቅ ጠራችኝና እጇን አወዛወዘች። እግሬን አወረድኩ።

ለጋሽ ሙዘይን አይጥ እንደበላው ነገርኩት። «እሬት!» ብሎ ራሱን ያዘ። ወዲያው ቢላዋ አንስቶ፣ እሬት ልንቆርጥ አብረን ከከተማው ዳር ወዳለው ወንዝ ወረድን። ከዘቢዳር ተራራ በኩል ጭጋግ እየወረደ ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ቅጠል ሲቆርጥ፣ እኔ ከኋላው ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። አሰፋን፣ አርቡን፣ ሃያውን ወረቀት፣ አሁን የት እንዳለ። ቢላዋው ቆመ። እሱ ግን ቀና አላለም።

«ፖሊሱ ወረቀቱን ሲያሳየኝ መኪናዬን አወቅኳት» አለ በመጨረሻ። «ግራዋ ጾማለች። ምንም አላልኩትም። ከለቅሶ እስክትመጣና እስክትነግረኝ ጠበቅኩህ። ልብሱ ውስጥ መኖሩን ግን አላወቅኩም።»

ያልነገርኩት እንዳይፈራ ብዬ መሆኑን ቀባጠርኩ። ያኔ ዞሮ አየኝ። ቁጣ ብጠብቅም ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የባሰ ነበር።

«ፈለቀ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። መስማት ግን እችላለሁ። ብታነብልኝ ምን ነበረበት?»

እርጥቡ ሳር ላይ ተቀመጠና አንብብልኝ አለኝ። ወረቀቱ የለም ስለው፣ የለቀምከው አንተ አይደለህ፣ ጣትህ ያውቀዋል አለኝ። እውነትም ያውቀዋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ አልኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። የመጀመሪያውን መስመር ሁለቴ አስደገመኝና «ይህስ እውነት ነው» አለ። ከዚያ እሬቱን በኩታው ጠቅልሎ ተነሳ። ነገ ምን እንደምናደርግ አልነገረኝም፤ ያወቀም አልመሰለኝም።

ሐሙስ በሁለት ሰዓት የሞቀ ቡላ በጣሳ ይዘን ገባን። ቢሮው በአዲስ ቀለምና በቡላ ሽታ ተሞላ። አቶ ንጋቱ ከጋሽ ሙዘይን ትከሻ ላይ ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም። እሱ የተቦጨቀውን ጨርቅ ቀስ አድርጎ ገለጠ፣ አይጡ የበላውን በጥፍሩ ጠራረገ፣ የቃጫ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ነከረ። ገና ሲያነሳው አቶ ንጋቱ እጁን ያዙት።

«ቆይ። ይህ ጽሕፈት ነው። ምን የሚል ነው?»

ከኪሳቸው መነጽር አወጡና በነጠላቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። ጥያቄው ለእኔ ነበር፤ አንባቢው እኔ ነኝና። የተበላሸ የሠርግ ጥሪ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ሙዘይን ቀደመኝ እንጂ ብዬው ነበር፤ ብዬው ቢሆን ኖሮ ደግሞ መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ሲገባ ያልቅልን ነበር።

«እግዚአብሔር መሬትን ሲፈጥር አጥር አልሠራለትም ይላል፣ ጌታዬ» አለ ጋሽ ሙዘይን።

አበደ አልኩ በልቤ። አሳልፎ ሰጠን።

አቶ ንጋቱ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ከአይጥ የተረፈው ያ የመጀመሪያ መስመር ነበር፤ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከሥሩ ያለው መስመር ገና በጨርቁ እንደተሸፈነ ነው። ጨርቁን ትንሽ ሳብ ቢያደርጉት ይታያል። ጣታቸው ጨርቁ ጫፍ ላይ ደረሰች።

«ስብከት ነው እንዴ?»

«እኔ ፊደል አልለይም፣ ጌታዬ። ሲነበብ ነው የሰማሁት። እኛ የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት ሲበላሽ አንጥልም፣ አናቃጥልም። በመጽሐፍ ልብስ ውስጥ እንከፍነዋለን።» ብሩሹን ጣሳው አፍ ላይ አሳረፈ። «የተከፈነ ደግሞ አይገለጥም። አይጥ ገልጦ አዋረደብኝ እንጂ።»

አንድም ውሸት አልነበረበትም። አቶ ንጋቱ ጣታቸውን ከጨርቁ ላይ አነሱ። መነጽራቸውንም አወለቁ። እኛም አገር የተቀደደ ዳዊት ከዕቃ ቤት ይቀመጣል እንጂ እሳት አይነካውም አሉ፤ አባታቸው ቄስ እንደነበሩም ጨመሩ። «ለጥፈው» አሉት።

ብሩሹ እንደገና ጣሳው ውስጥ ሲገባ በሩ ተከፈተ። የወልቂጤው ፖሊስ ነው፤ የዝናብ ካፖርቱ ውኃ ያንጠባጥባል። ምን እየተሠራ ነው ብሎ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። አቶ ንጋቱ አይጥ የበላውን እያስጠገንኩ ነው ብለው መለሱለት። ፖሊሱ መዝገቡን አየ፣ ጋሽ ሙዘይንን አየ፣ ከዚያ ጣሳውን አየ። ያ የተከፈተ የልብሱ ከንፈር ከእሱ ሆድ አንድ ክንድ አይርቅም። እንደኔ ጽሑፉን በቃሉ ባይዘው እንኳ ኪሱ ውስጥ ይዞታል።

«ቡላ ነው? በጠዋት ምነው ታስጎመጁናላችሁ» አለና ጣቱን ነክሮ ላሰ።

ፊቱ ተጨማደደ። እንትፍ እያለ አፉን ይዞ ወደ ደጅ ሮጠ። አቶ ንጋቱ በሕይወታቸው እንደዚያ የሳቁ አይመስለኝም። ጋሽ ሙዘይን ሳይስቅ «እሬት አለበት፣ ጌታዬ። የሚበላውን ለማባረር ነው» ብሎ ብሩሹን አሳለፈበት። ጨርቁን መለሰ፣ ዳሩን በአውራ ጣቱ ዳመጠ፣ ከቤት ይዞት የመጣውን ድንጋይ ጫነበት። ፖሊሱ አፉን ተጉመጥምጦ ሲመለስ የሚታይ ነገር አልነበረም።

እኩለ ቀን ላይ ትልቁ ሰው መጡ። ከአጥሩ ውጭ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ በመስኮቱ አየሁ። ግራ እጃቸውን ልክ በተጠገነው ጥግ ላይ አሳርፈው በቀኛቸው ፈረሙ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

አሰፋ በዚያው ዓመት ተዛወረና ዳግመኛ አላየሁትም። ፖሊሱም ወደ መጣበት ተመለሰ። ጋሽ ሙዘይን አላባረረኝም። ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚወጣ ሁሉ ከመታተሙ በፊት ይነበብልኝ።» አነበብኩለት። የሠርግ ጥሪ ሳይቀር፣ የዕድር ደንብ ከነቅጣቱ፣ የደረሰኝ ራስጌ እንኳ። ወንበሩን ስቦ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ አንዳንዴ «ይህ ቃል ለሙሽራ ይከብዳል» ብሎ ያስለውጠኛል፤ ልክም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ያኔ ለራሴ የነገርኩት እሱን ከአደጋ ልጠብቀው ብዬ ደበቅኩት የሚል ነበር። ውሸቴን ነው። ፊደል የማይለይ ሰው ምን ይማከራል ብዬ ነው። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ መኪናው፣ በስድስት ልጆቹ እንጀራ ላይ ስወስን እንደ ግድግዳ ቆጥሬው ነበር። በመጨረሻ ነፍሴን ያተረፈው እኔ ያነበብኩት አይደለም፤ እሱ የሰማው ነው። ወንዙ ዳር ባልነግረው ኖሮ ሐሙስ ጠዋት እሱም እንደኔ የሠርግ ጥሪ ነው ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው አያነብም ሲሉኝ ይሰማል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ፍርሃቱ ግን ያው ከቡላ ሽታ ጋር ቀርቶብኛል።

ንጉሡ ወረዱ፣ የመሬቱም አዋጅ ወጣ። የአዋጁን ማሳወቂያ እንድናባዛ ከዚያው ጽሕፈት ቤት ታዘዝን፤ የእንግዶች መዝገቡ ያኔም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። እንደ ልማዳችን ጋሽ ሙዘይን ወንበሩን ሳበና ዓይኑን ጨፈነ። ረጅሙን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ስጨርስ አጎቴ ትዝ አለኝ። እሱ ዓይኑን ገለጠ።

«ጥሩ ነው፤ ይታተም» አለ። «አጀማመሩ ግን የእኛው ይሻል ነበር።»